ባሕር ለማየት ጉናን መውጣት

ባሕር አይቼ የመጣሁ መስሏችሁ ይህን ማንበብ የጀመራችሁ ካላችሁ ከአሁኑ ላርማችሁ፤ እኔ ያየሁት ጉናን ነው። ይሁን እንጂ ወደ ጉና የወጣሁት መርከብ ለመሳፈር ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ይህን ስናገር የሚስቅብኝ ሰው ስለበዛ፣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

የአክስቴ የወይዘሮ የሺመቤት ልጅ ጌትነት፣ በአንድ ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ላይ ዳቦ ጋጋሪ ነው። መርከቡ ከአንድ የአውሮፓ ወደብ ተነሥቶ፣ ሜዲትራኒያንን ከከተማ ከተማ ሲዞር ሰንብቶ እዚያው ይመለሳል። ጌትነት ከአገር ከወጣ ሰባት ፋሲካ አልፏል። እረፍቱ በደረሰ ቁጥር ወይ ውሉ ይታደሳል፣ ወይ እዚህ መንገድ ይዘጋል። ዘንድሮ ግን የመርከቡ ባለቤቶች ለሠራተኛ ቤተሰብ በቅናሽ የሁለት ሰው ትኬት ፈቀዱለት። አንዷ እናቱ ናቸው፤ ሁለተኛው እኔ። አክስቴ የውጭ ቋንቋ ስለማይችሉ አጃቢ ያስፈልጋቸዋል ተባለ። እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ስለ ውቅያኖስ ስንት ዓመት አስተምሬ ያየሁት ትልቁ ውኃ ጣና ነው። «አክስቴን ላግዝ ነው የምሄደው» እያልኩ በከተማው ባወራም፣ የዋና ቁምጣ የገዛሁት ፓስፖርቴ ከመምጣቱ በፊት ነበር።

ፓስፖርቱ፣ የልደት ካርዱ፣ የክትባቱ ወረቀት ሁሉም አለቀ። ጌትነት በአክስቴ ሂሳብ ገንዘብ አስገብቶ የባንክ ማስረጃም አወጣን። ባሕር ዳር ያለው የጉዞ ወኪል ግን ማስረጃውን ካየ በኋላ ደወለልኝና፣ ገንዘቡ ገና አሁን የገባ በመሆኑ ብቻውን እንደማይረዳን ነገረኝ። ሴትዮዋን ወደ አገራቸው የሚመልስ ንብረት እንዳላቸው ቀበሌያቸው ጽፎ ካላረጋገጠ ቪዛው የማይታሰብ ነው። ማመልከቻው በሳምንቱ ውስጥ ካልገባ ደግሞ የጌትነት ትኬት ይቃጠላል፤ እናትና ልጅም መቼ እንደሚተያዩ እግዜር ይወቅ። ክላሰሬን አንሥቼ አክስቴ ወደሚኖሩበት ወደ ጉና ወጣሁ።

ማክሰኞ

ከደብረ ታቦር መናኸሪያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ «አንድ ሰው ብቻ ቀረው» እየተባለ ረፋዱን ቆመ። ያ አንድ ሰው አምስት ጊዜ መጥቶ ገባ። በመጨረሻ የመጣው ጭኔ ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም።

አጠገቤ ዶሮ የታቀፉ ሴትዮ ነበሩ። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ዶሮዋ አመል ሳይቀር ሲያጫውቱኝ ቆዩና ክላሰሬን አዩት። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሁሉ ተለወጠ። ገብሱን ውርጭ እንደበላው፣ ድንቹን በሽታ እንደጨረሰው፣ ዶሮዋም የሰው አደራ እንደሆነች ነገሩኝ። ምን ነክቷቸው ነው ብዬ ተገረምኩ እንጂ አልገባኝም። ቢገባኝ ኖሮ ከሁለት ቀን መከራ በዳንኩ።

ጋሳይ ወርጄ ሽሮ በላሁ። ደብረ ታቦር ብርድ ነው እያልኩ የማማርር ሰው ነበርኩ፤ ከጋሳይ ጀምሮ ሽቅብ ሲወጣ ደብረ ታቦር ቆላ ናት። የአክስቴ ጎረቤት አያ ታከለ በቅሎ ይዘው ጠበቁኝ። ሽማግሌ ቢሆኑም፣ እርሳቸው በእግራቸው እኔ በበቅሎ ሆነን ቀደሙኝ፤ ጥፋቱ ግን የበቅሎዋ ነበር። ከአንዲት የሣር ቤት ደጃፍ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ብመታት፣ ብለምናት፣ ብወርድና ብጎትታት ንቅንቅ አላለችም። ከቤቱ የወጡት ሴት ጠላ በጣሳ ይዘው፣ ዛሬ ሌላ ሰው ነው እንዴ የመጣ ብለው ጠየቁ። አያ ታከለ ከፊት ተመልሰው መጡና፣ በቅሎዋ ታማ ነው ሲሉኝ ዓይኔን አላዩም። ጠላው እንዳይበላሽ ሁለታችንም ጠጣን፤ በቅሎዋም ወዲያው ተሻላት።

አክስቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ስለ መርከቡ ለማንም እንዳልተነፈሱና እኔም እንዳልተነፍስ አስጠነቀቁኝ። ገና ያልተፈጸመ ነገር ሲወራ ዓይን ይገባበታል ባይ ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ከከተማ የወንድማቸው ልጅ ከነክላሰሩ ሊመጣ መሆኑን፣ በማግሥቱም ከቀበሌ ሰው እንደሚመጣ ብቻ ነበር።

የገብስ እንጀራ በወጥ፣ ከዚያ ትኩስ ቅቅል ድንች በድልህ አቀረቡልኝ። ደብረ ታቦር በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ድንች ስቀቅል ሰው ያስተዛዝነኛል፤ እዚህ ግን ክብር ነው። እኔ ስጎርስ አክስቴ ስለ መርከቡ በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ስለ ባሕሩ ጥልቀት ሳይሆን፣ ጉዞው ነሐሴ ላይ ፍልሰታን ስለሚነካ የጾም ምግብ ይኖር እንደሆነ ነው። አላውቅም ስላቸው በሶ መፍጨት መጀመራቸውን ነገሩኝ። ከዚያ የልባቸውን ተናገሩ።

«በስልክ ሲያዩት አይታወቅም እኮ። ከስቷል እላለሁ፣ ደግሞ ወፍሯል እላለሁ። እጄ ቢነካው ነው የማውቅ።»

ያን ጊዜ ስለ ዋና ቁምጣዬ ትንሽ አፈርኩ።

ረቡዕ

የፋሲካው ሐምሳ ቀን ስላላለቀ ረቡዕ ቢሆንም ቁርሱ ቅቤ ነበረው። በልቼ ስወጣ በረቱ ባዶ ነው። በጎቹም የሉም። ከብቱ ወደ ግጦሽ ሄዶ ይሆናል ብዬ ፀሐይ ልሞቅ ተቀመጥኩ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ምናሉ ከመሬት ባለሙያው ጋር ደረሰ። ምናሉ ደብረ ታቦር አንድ ክፍል አብሮኝ የተማረ ነው፤ በስልክ የአክስቴን ንብረት የሚገልጽ ደብዳቤ እንደምፈልግ ብቻ ነግሬው ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ አክስቴ ከልክለውኛል። ምስክሮቹ አያ ታከለና ሁለት ጎረቤቶች ሆነው አጎዛ ላይ ተደረደሩ። ምናሉ፣ ወይዘሮ የሺመቤት ምን ንብረት አላቸው ብሎ ጠየቀ።

አያ ታከለ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ሴትዮዋ የእግዜር ድሃ መሆናቸውን በሐዘን ተናገሩ። ሁለተኛው ጎረቤት፣ በሬ የሚባል ነገር ቤታቸው ከገባ ዘመን የለውም አለ። ሦስተኛዋ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በዚህ መሐል ከጓዳ አንድ ግልገል ጮኸች። አያ ታከለ ሳሉ። ግልገሏ ደግማ ስትጮህ ሦስቱም አብረው ሳሉ። የመሬት ባለሙያው ብርድ የመታቸው መስሎት መድኃኒት መከራቸው።

አክስቴን አየኋቸው። ነገሩ የገባቸው ከእኔ ቀድሞ ነው፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ግን ቢናገሩ፣ ለእርሳቸው ብለው የዋሹትን ጎረቤቶች በመንግሥት ፊት ውሸታም ማድረግ ሊሆን ነው። ምናሉ ወደ እርሳቸው ዞሮ ሲጠይቃቸው፣ «እግዜር ይመስገን፣ ከዕለት ጉርስ አላጣሁም» ብቻ አሉ። እርሳቸው ካልተናገሩ እኔም ልናገር አልደፈርኩም። ምናሉ ጻፈ፤ ጽፎም አነበበልን፤ አቅመ ደካማ፣ ረዳት የሌላቸው፣ ምንም ንብረት የማይታይባቸው። ምስክሮቹ ደስ ብሏቸው ፈረሙ። ምናሉም ነገ ቢሮ መጥቼ ማኅተም እንዳስመታ ነግሮኝ ሄደ።

ልክ ከዓይን እንደራቀ ፈነዳሁ። አክስቴ ያስጠነቀቁኝን ረስቼ መርከቡን፣ ጌትነትን፣ ቪዛውን፣ የሚቃጠለውን ትኬት አንድ ባንድ ዘረገፍኩት። ጎረቤቶቹ ለካ ከብቱን ገና ሳይነጋ ወደ ሸለቆ ያወረዱት፣ በጎቹን በየቤታቸው የደበቁት፣ ለአክስቴ አስበው ኖሯል። ግልገሏን ነው የረሱት።

አያ ታከለ ቆባቸውን አወለቁ።

«እኛ ምን እናውቃለን ልጄ። እስተዛሬ ወረቀት ይዞ ከብት የጠየቀን ሁሉ ሊወስድ ነው የመጣ። ስላለሽ እንስጥሽ ያለ ሰው አላየን።»

ሚኒባስ ውስጥ ከነዶሮዋ ያገኘኋቸው ሴትዮ ትዝ አሉኝ። ጂኦግራፊ ሳስተምር የዚህን ወረዳ የእንስሳት ብዛት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስጽፈው፣ ስንቱ በሬ ሸለቆ ወርዶ ሳይቆጠር እንደቀረ አስባለሁ።

አክስቴ ማንንም አልተቆጡም። እንደ ልማዳቸው ጠላ አመጡና ለሁሉም ቀዱ። ለራሳቸው ግን አልቀዱም፤ ወደ ጓዳ ገብተው የተፈጨውን በሶ ከእንቅብ ወደ ስልቻ፣ ከስልቻ ወደ እንቅብ ሲገለብጡ ዋሉ።

ሐሙስ

ማልጄ ቀበሌ ቢሮ ሄጄ ምናሉን ደጁ ላይ ጠበቅኩት። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ጭንቅላቱን ያዘ። እሱ አክስቴ ድሃ አለመሆናቸውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ለእርዳታ መዝገብ የፈለግን መስሎት ዝም ብሏል። የትናንቱን ወረቀት ለመቅደድ ምስክሮቹ ቃላቸውን መለወጥ አለባቸው፣ ንብረቱም በዓይን መታየት አለበት አለኝ። ከባለሙያው ጋር ተያይዘን ተመለስን።

የአክስቴን ጊቢ ከሩቅ ሳየው የከብት ገበያ የቆመ መሰለኝ። አጥሩ ሊፈርስ ደርሷል። በሬ በበሬ ላይ፣ ላም በላም ላይ፣ በጉ እግር መርገጫ አሳጥቶ፣ ሁለት በቅሎ፣ አንድ ፈረስ፣ እንዲሁም ደጃፉ ላይ የማንም ያልሆነ የሚመስል የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ጎረቤቶቹ የትናንቱን በደል ለመካስ ያላቸውን ሁሉ ነድተው አምጥተዋል። ጌትነት የመንደሩ ልጅ ነው፤ እናቱን የሚያሳየው ከብት ከሆነ ከብት ሞልቷል ብለው ተማክረዋል። አያ ታከለ ትናንት በሳሉበት ደረት ዛሬ እንደ ደጃዝማች ቆመው፣ ይህ ሁሉ የወይዘሮ የሺመቤት ነው ብለው በእጃቸው ዙሪያውን አሳዩ።

ምናሉ በከብቱ መሐል ሄደ። አንድ ጥቁር በሬ ፊት ቆመና ግንባሩን አከከለት። በሬው ላሰው።

«ይኸስ የማን ነው?»

የእሷ ነው አሉ፣ ሁሉም በአንድ አፍ።

«ከትናንት ወዲያ ለመቀናጆ ለአያ ታከለ ያዋስኩት የኔ በሬ ነው።»

አያ ታከለ ሊስሉ ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም። የመሬት ባለሙያው ክላሰሩን ዘጋ። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መሰለኝ፤ ባሕሩም ትኬቱም ከዓይኔ ጠፋ። ይልቁንም ሰባት ፋሲካ የጠበቁትን ሴትዮ ማየት ፈራሁ።

አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ መሐል ወጡ። ጉና ላይ ሰው የራሱን ከብት በሰው ፊት «የኔ ነው» ብሎ አይዘረዝርም፤ ነውርም ነው፣ ያስፈራልም። አክስቴ በዕድሜያቸው አድርገውት አያውቁም።

«ለኔ ብላችሁ ሁለቴ ዋሻችሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ግን እኔው ልናገር።»

ከዚያ መጥራት ጀመሩ። በሬያቸውን ቦራን ጠሩት፤ ከግርግሩ መሐል ሌሎቹን እየገፋ ወጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ወይኖን ጠሩት፤ መጣ። ዳለቻ ላማቸውን ሲጠሩ ጥጃዋን አስከትላ መጣች። በጎቻቸውን በፉጨት ለዩዋቸው፤ የትናንቷ ግልገልም ከኋላ እየሮጠች ደረሰች። የቀረው ከብት ሁሉ ባለበት ቆሟል። ምናሉ ሲቆጥር ላለማየት አክስቴ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለዩ ነበር።

ምናሉ፣ ንብረታቸው ሳይመዘገብ በመቆየቱ በፊት የተዘለለላቸው የቀበሌ መዋጮ ከእንግዲህ እንደሚታሰብ ነገራቸው። ይታሰብ አሉ። መሬታቸውንና ባሕር ዛፋቸውንም አስመዘገቡ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ምናሉ ብዕሩን አቆመ።

«እትየ፣ እንደሚመለሱ ልጻፍ?»

«እኔ የት እሄዳለሁ? ገብሴን ማን ያጭድልኛል? ጌትነት ሲሄድ ነበር እንዲህ ያለ ወረቀት ማስጻፍ።»

ምናሉ አቀርቅሮ ጻፈ። ምስክሮቹም ፈረሙ፤ ዛሬ ግን እንደ ትናንቱ ደስ ያላቸው አልነበሩም። ከብታቸውን ለይተው ለመመለስ እስከ ከሰዓት በኋላ ፈጀባቸው፤ ሁለት በግ የማን እንደሆነ እስካሁን ይከራከራሉ አሉ።

ዓርብ

ማኅተሙ የተቀመጠበት ቁም ሣጥን ቁልፍ ለቅሶ ቤት ሄዶ ነበር፤ ማለቴ ቁልፉን የያዘው ሰው። እስኪመጣ ድረስ ሰው ሁሉ ለጌትነት የሚላክ ስጦታ ይዞ ቢሮው ደጃፍ ተሰበሰበ። ነገሩ አንድ ጊዜ ከተሰማ በኋላ ምስጢር የሚባል ነገር ቀርቷል። ቆሎ መጣ፣ ቅቤ መጣ፣ አረቄ በጠርሙስ መጣ። አያ ታከለ ባሕር ላይ ነፋስ አይጠፋም ብለው አንድ ሰፊ አጎዛ አመጡ። በቅሎዋ ስጦታውን ስለተሸከመች እኔ ጋሳይ ድረስ በእግሬ ወረድኩ። እዚያች የሣር ቤት ጋ ስንደርስ ሳልጎትታት ቆምኩላት።

ደብረ ታቦር ስገባ ጋቢዬን አውልቄ በሸሚዝ ቀረሁ፤ ሰዎች ከየት ነው የመጣኸው እያሉ ሳቁብኝ። በዚያው ቀን ሰነዱን ሁሉ ለወኪሉ ላክሁ። የአክስቴን ማረጋገጫ ከራሴ ማስረጃ ጋር አንድ ላይ ሳሽግ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። የእኔ ማስረጃ የደመወዝ ደብዳቤና የባንክ ወረቀት ነው፤ የባንኩ ወረቀት ላይ ደመወዜ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ

መልሱ የመጣው ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ነው። ለአክስቴ ተፈቀደ። ለእኔ ወደ አገሬ እንደምመለስ የሚያሳምን በቂ ነገር አልተገኘም ተባለ። ቤት የለኝም፣ መሬት የለኝም፣ ሚስት የለኝም። አልዋሽም፣ ተናድጄ ሁለት ቀን ከሰው አልተነጋገርኩም። አክስቴ ግን ሲሰሙ ትንሽ አስበው፣ የፈረደብኝ ሰው ያልተሳሳተ ያህል ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ላም እንኳ የለህ፤ ማን ይመንህ? በል እንግዲህ እስክመለስ ከብቱን ጠብቅልኝ። ለዓመት አንዲት ጊደር እሰጥሃለሁ፣ ዋስ ትሁንህ።»

ብቻቸውን እንዴት ይሄዳሉ ብዬ ተከራከርኩ። ልጄ ወደቡ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ የፈረንጅ አፍ ምን ያደርግልኛል አሉ። አዲስ አበባ ድረስ ወስጄ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሸኘኋቸው። ቅቤውና አረቄው ከእኔ ጋር ተመለሱ፤ በሶውና አጎዛው አብረው ሄዱ። ዞር ብለው ሳያዩኝ ገቡ።

እኔም ነሐሴን ጉና ላይ ከረምኩ። ጭጋጉ ከብቱን ከበጉ አያስለይም። ዳለቻ ሁለት ጊዜ ረግጣኛለች፤ ቦራ ስሙን በእኔ አፍ ሲሰማ ጆሮውን እንኳ አያነሣም። ጎረቤቶቹ «ባለ መርከቡ» እያሉ ይጠሩኛል፤ በየተራ ግን እራት ያመጡልኛል፣ ጭቃ ሲውጠኝም ያወጡኛል።

አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ፣ ስልክ የሚሰማበት ከፍታ ላይ ቆመን ሳለ አክስቴ ደወሉ። አያ ታከለ፣ ምናሉ፣ ሌሎቹም ወዲያው ከበቡኝ። ሁሉም የየራሱን ጥያቄ ይጮኻል፤ ባሕሩ ምን ይመስላል፣ መርከቡ ይወዛወዛል ወይ፣ አጎዛው ሞቀ ወይ። እኔም ኔትወርኩ ይጠፋል ብዬ ከሁሉም በላይ ጮኽኩ፤ ልጁን አገኙት ወይ፣ ከስቷል ወይስ ወፍሯል።

አክስቴ በሹክሹክታ መለሱልኝ።

«ቀስ ብለህ ተናገር። ሌሊቱን ሲጋግር አድሮ አሁን እግሬ ላይ ተኝቷል።»

የሰማሁትን ለሰዎቹ ነገርኳቸው። አያ ታከለ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ እዚያ ጉና አናት ላይ የቆምነው ሁላችን ዝም አልን።